ዘር ሲሰበስብ ኖሮ በረሀብ የሞተው ሳይንቲስት

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን ውስጥ የኒኮላይ ቫቪሎቭን ስም ያልሰማ ተማሪ ይኖራል ብዬ አላስብም። የሰብል ዝርያ ማሻሻል ኮርስ ገና ሲጀመር የሰብሎች መነሻ ማዕከላት የሚለው ርዕስ ይመጣል፤ ስሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ ኢትዮጵያን ጨምሮ የማዕከላቱ ዝርዝር ይከተላል፤ እኛም ለፈተና እንይዘዋለን። ሰውየው ማን ነበር? አገራችን ድረስ ምን ፈልጎ መጣ? እንዴትስ ሞተ? የሚለው ግን ኖታችን ውስጥ የለም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ስለ ብዝኀ ሕይወት መመናመን ሲወራ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ጫካና ወደ ዱር አራዊት፣ ወደ ዋልያና ወደ ቀይ ቀበሮ ነው። ጥሩ ነው፣ እነሱም ይታሰቡ። ነገር ግን ማንም ሳያስተውለው በእርሻ ማሳ ላይ የሚደርስ ሌላ ኪሳራ አለ። አንድ የገብስ ዓይነት ሲጠፋ ሬሳው አይታይም፤ ለቅሶም የለውም። ሒሳቡ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚከፍለው ዘሩን የተወው ሰው ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ በሙሉ ነው። የቫቪሎቭ ሕይወት ይህንን ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ልጅነትና ትምህርት

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ኖቬምበር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገጠር የገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ሀብት ያፈራ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይም በኋላ ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅና የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል። ኒኮላይ ገና ሕፃን ሳለ በ1891 እና በ1892 ሩሲያን ከባድ ረሀብ መታት። የከተማ ነጋዴ ልጅ ስለነበር እሱን ረሀቡ አልነካውም፤ የአባቱን ዘመዶች መሰል ገበሬዎች ግን ፈጅቷል። ሩሲያ በዚያን ዘመን ሰፊ መሬት ያላት፣ ሆኖም ዝናብ በቀረ ቁጥር የምትራብ አገር ነበረች። ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም።

በ1906 ሞስኮ የሚገኘው የግብርና ኢንስቲትዩት ገባ። የመመረቂያ ጥናቱ በሞስኮ አካባቢ ሰብል ስለሚያጠፉ ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣዎች ነበር። እንግዲህ የዓለምን ዘር የሰበሰበው ሰው የጀመረው ከቀንድ አውጣ ነው ማለት ነው! የመመረቂያ ርዕሳችን አነሰ ብለን ለምናጉረመርም ሰዎች ይህ ጥሩ ማጽናኛ ይመስለኛል።

በ1913 ወደ እንግሊዝ ሄዶ በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ቤትሰን የሜንዴልን ሥራ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቀና ጄኔቲክስ የሚለውን ስም ለትምህርቱ ያወጣለት ሰው ነው። በጊዜው ትምህርቱ ገና አዲስ ነበር። ቫቪሎቭ ከዚያ የያዘው ዋና ሐሳብ፣ በሽታን መቋቋም የመሰለ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስለሆነ የሚቋቋመውን ዘር ካገኘን ከሌላው ጋር አዳቅለን አዲስ ዝርያ ማውጣት እንችላለን የሚል ነበር። ታዲያ ጥያቄው የሚቋቋመው ዘር የት ነው ያለው? የሚለው ሆነ። ቀሪ ዕድሜውን በሙሉ የፈጀው ይህንን ጥያቄ ሲከታተል ነው።

እንክርዳድና አጃ መሰሉ አረም

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው በ1916 ወደ ፋርስ፣ ማለትም ወደ ዛሬይቱ ኢራን ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እዚያ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች የአገሩን ዳቦ ሲበሉ ራሳቸው እየዞረ እንደ ሰካራም ይሆኑ ነበር። ቫቪሎቭ መርምሮ ምክንያቱን አገኘው፤ ስንዴው ውስጥ በፈንገስ የተያዘ እንክርዳድ ተቀላቅሎበታል። እናቶቻችን ስንዴ ሲያበጥሩ እንክርዳዱን ለምን ያን ያህል ተጠንቅቀው እንደሚለቅሙ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ግኝት አይገርመውም።

ከዚያ ወደ ፓሚር ተራሮች ሲያቀና ግን ሌላ ነገር አየ። በአውሮፓ የተከበረ የዳቦ እህል የሆነው ራይ፣ በእነዚያ አገሮች በስንዴ ማሳ ውስጥ የሚበቅል አረም ነው። ገበሬው ይነቅለዋል። ወደ ደጋው በተወጣ ቁጥር ግን ስንዴው በብርዱ እየተሸነፈ አረሙ እየበዛ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በጣም ብርዳማ በሆነው ከፍታ ላይ ገበሬው ራሱ አረሙን ይዘራዋል። ስንዴ በሌለበት ሕዝቡን ያኖረው ያ ሲነቀል የነበረው አረም ሆነ። ቫቪሎቭ ከዚህ ተነስቶ አንዳንድ ሰብሎች ከአረምነት ወደ ሰብልነት እንዳደጉ አስረዳ። እኔ ደግሞ ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ዛሬ የማይጠቅም የሚመስለን ተክል ነገ አየሩ ሲለወጥ መድኅን ሊሆን እንደሚችል ነው።

በ1917 በሳራቶቭ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1920 የተቀራራቢ ሰብሎች ልዩነት ተመሳሳይ መሥመር እንደሚከተል የሚያሳየውን ሕግ አቀረበ። በዚያው ዓመት የፔትሮግራድ የተግባራዊ ዕፅዋት ጥናት ቢሮ ኃላፊ ስለሞተ ቦታው ለእሱ ተሰጠው። ከተማዋ በኋላ ሌኒንግራድ የተባለችው፣ ዛሬ ደግሞ ሴንት ፒተርስበርግ የምትባለው ናት። አዲሱን ሥራ በጀመረበት በ1921 በቮልጋ አካባቢ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀ ረሀብ ተነሳ። እሱም በዚሁ ዓመት ዘርና የሳይንስ ጽሑፍ ለማምጣት አሜሪካ ሄደ። ከዚህ በኋላ ዓላማው አንድ ነው፤ በዓለም ላይ ገበሬ የሚዘራውን ሁሉ ሰብስቦ ለረሀብ ማጥፊያ ማዋል።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱ

በ1924 አፍጋኒስታንን በፈረስ አቋረጠ። በ1926 ስለ ሰብሎች መነሻ ማዕከላት የጻፈውን ሥራ አሳተመ። በዚህ ሥራው ሐበሻን አንድ ማዕከል አድርጎ አስቀምጧል፤ አገሩን ግን ገና በዓይኑ አላየውም ነበር። ስለዚህ የሜዲትራኒያን አገሮችን ሲዞር ከርሞ በ1927 መጀመሪያ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በጅቡቲ በኩል ገባ። ድሬዳዋንና ሐረርን አይቶ አዲስ አበባ ደረሰ። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም ጠየቁት። ከዚያ አንኮበርን ጎበኘ። በኋላም በቅሎ አስጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጣናን፣ ጎንደርንና አክሱምን አልፎ አሥመራ ወረደ።

በየመንገዱ ማሳ በገባ ቁጥር ያየው ነገር አስደነቀው። የአውሮፓ ገበሬ በአንድ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ስንዴ ይዘራል። እዚህ ግን በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ነጩ፣ ቀዩ፣ ጥቁር ሐምራዊው፣ ጢም ያለውም የሌለውም ተቀላቅሎ ይገኛል። ገብሱም እንደዚሁ ነው። ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትን፣ ጌሾን የመሰሉ ሰብሎችንም አገኘ። በሺዎች የሚቆጠር የዘር ናሙና ሰብስቦ ወደ ሌኒንግራድ ላከ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ያስፈልጋል። ቫቪሎቭ ልዩነት በበዛበት ቦታ ሰብሉ ተፈጥሯል ብሎ ያስብ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ስንዴና ገብስ ለመጀመሪያ ጊዜ የለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን አሳይተዋል። ወደ እኛ አገር የመጡት በጥንት ዘመን ነው። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት የራሳችን ናቸው፤ ስንዴና ገብስ ግን እንግዳ ሆነው መጥተው እዚህ የበዙ ናቸው። ይህ እርማት ለእኔ የገበሬዎቻችንን ክብር ከፍ የሚያደርግ እንጂ ዝቅ የሚያደርግ አይደለም። ያ ሁሉ ልዩነት ከመሬት የፈለቀ ሳይሆን፣ በደጋና በቆላ፣ በመረሬና በቀይ አፈር፣ በበልግና በመኸር፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ገበሬው እየመረጠ ያኖረው መሆኑ ነው።

ልዩነት ምን ይሠራል?

ባለፈው ክረምት ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ወዳለችው አያቴ ሄጄ የገብስ ስሞችን እንድትቆጥርልኝ ጠየቅኋት። ሳታመነታ ሰባት ስም ጠራችልኝ። ለእያንዳንዱ ሥራ ነበረው። ሰነፍ ቆሎ ስሙ እንደሚነግረን ሳያስቸግር የሚፈተግ፣ ለቆሎ የሚሆን ነው። ሌላው ለበሶ ይሆናል፤ ሌላው ለጠላ፤ አንዱ ደግሞ እህል ባለቀበት በክረምት ወር ቶሎ ደርሶ ቤተሰቡን የሚያሻግር ነው። ጎተራዋ ውስጥ ያለው ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር። የቀሩት የት ሄዱ ብዬ ስጠይቃት፣ ማንም እንዳልከለከላቸው፣ ገበያው የሚጠይቀው አንዱን ስለሆነ ሌላውን የሚዘራ እየጠፋ እንደሄደ ነገረችኝ።

የብዝኀ ሕይወት መመናመን ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ማንንም በክፉ አያስወቅስም። ገበሬው ብዙ የሚያፈራ ምርጥ ዘር ሲያገኝ መዝራቱ ትክክል ነው፤ ልጅ ማስተማር አለበት፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት። ችግሩ ያለው ጥቅሙ የግል፣ ኪሳራው የጋራ በመሆኑ ላይ ነው። አንድ ገበሬ ነባሩን ዘር ቢተው የሚጎዳ የለም። አገር ሙሉ ሲተወው ግን የሁሉም ማሳ አንድ ይሆናል፤ አንድ በሽታም ሁሉንም ይጥላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ በነፋስ የሚጓዝ ፈንገስ ነው። በተቀላቀለ ማሳ ላይ ሲያርፍ አንዱን ተክል ይይዛል፣ ጎረቤቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ይገታል። ማሳው ሁሉ አንድ ዝርያ ከሆነ ግን ፈንገሱ አንዱን በር የሚከፍት ቁልፍ ካገኘ የሁሉንም በር ከፈተ ማለት ነው። በደግ ዓመት ቅይጡ ማሳ ከምርጥ ዘሩ ያነሰ ሊሰጥ ይችላል፤ በክፉ ዓመት ግን ጎተራውን ጨርሶ ባዶ አያደርግም። በትግራይና በኤርትራ ገብስና ስንዴን ቀላቅለው የሚዘሩት ሐንፈጽ ከዚሁ ጥበብ የመጣ ነው። ዝናቡ ቢያንስ ገብሱ ይደርሳል፤ ቢበዛ ስንዴው ያፈራል።

ይህ ጥበብ ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣ የታሪክ ምስክር ሞልቷል። አየርላንድ ውስጥ ድሃው ሕዝብ ኑሮውን በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ጥሎ ነበር። በ1845 የድንች በሽታ ገባ፤ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በእርግጥ የመንግሥት ፖሊሲም ጥፋት ነበረበት፤ የማሳው አንድ ዓይነት መሆን ግን በሩን ከፈተ። በ1970 ደግሞ በሀብታሚቱ አሜሪካ የበቆሎው ዲቃላ በአብዛኛው ከአንድ የእናት መሥመር የመጣ ስለነበር በአንድ ዓመት በሽታ የአገሪቱ በቆሎ 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ።

የእኛም አገር ምሳሌ አለው። በ2010 ቢጫ ዋግ ሲነሳ በሰፊው ተዘርቶ የነበረው ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ተመታ። ከዚያ ዲገሉ የሚባል ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ በፍጥነት ተሠራጨ። ጥሩም አፈራ። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣና በባሌና በአርሲ ዲገሉን ጣለው፤ ማሳቸው ከሞላ ጎደል ባዶ የቀረባቸው ገበሬዎች ነበሩ። እንግዲህ ይህን ኪሳራ እንቁጠረው። ገበሬው ምርቱን ያጣል፤ የፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ይገዛል፤ መንግሥት ለመድኃኒትና ለአዲስ ዘር ብዜት ወጪ ያወጣል፤ ስንዴ ከውጭ ይገባል፤ ከተሜው ዳቦ ይወደድበታል። ይህ ሁሉ በምርጥ ዘሩ ዋጋ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ነገሩ በሰብል ብቻም አያበቃም፤ ማሳው አንድ ዓይነት ሲሆንና የአረም መድኃኒት ሲበዛ አበባ የሚያጣው ንብም አለ፤ ንቡ ሲያንስ ደግሞ ማሩ ብቻ ሳይሆን የኑጉና የባቄላው ፍሬም ይቀንሳል።

በተቃራኒው ልዩነቱ ሲጠበቅ ጥቅሙ ድንበር ይሻገራል። ገብስን የሚያጫጭና ቢጫ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ አለ። የካሊፎርኒያ ገብስ ከዚህ በሽታ የዳነው ከኢትዮጵያ ገብስ በተገኘ ጂን ነው። ከወሎ ገበሬዎች የተገኘውና ወተት በጉንጬ የሚባለው ማሽላም ላይሲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል አብዝቶ በመያዙ በ1973 በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ ታውቋል። ስሙን ያወጣው ገበሬ ግን ላብራቶሪ አልነበረውም፤ ጣዕሙን ብቻ ነው የነገረን።

የቫቪሎቭ መጨረሻ

ወደ ባለታሪካችን እንመለስ። ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ ምዕራብ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ ኮርያን፣ ሜክሲኮን፣ የደቡብ አሜሪካን አገሮች ዞረ። በ1929 የአገሪቱ የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። እስከ 1940 ድረስ የኢንስቲትዩቱ ስብስብ ወደ 250 ሺህ ናሙና ደረሰ፤ በጊዜው በዓለም የሚስተካከለው አልነበረም።

ይሁን እንጂ አገሩ ዕረፍት አላገኘችም። ስታሊን መሬቱን ሁሉ በግድ ወደ ጋራ እርሻ አዞረ፤ በ1932 እና በ1933 በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በረሀብ አለቀ። መንግሥት ደግሞ ጥፋቱን በራሱ ላይ ከማየት ይልቅ ሳይንቲስቶችን ቶሎ በሉ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አዲስ ዝርያ አምጡ ይል ጀመር። ቫቪሎቭ ዝርያ ማውጣት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ ያውቃል። ትሮፊም ላይሴንኮ የሚባል ሰው ግን ዘርን አርጥቦና አቀዝቅዞ በመዝራት ጠባዩን መለወጥ ይቻላል፣ ሜንዴልና ጂን የሚባለው ነገር ውሸት ነው እያለ ፈጣን ውጤት ተስፋ ሰጠ። መጀመሪያ ላይ ቫቪሎቭ ራሱ ላይሴንኮን አበረታትቶት ነበር። ነገሩ ከሳይንስ እየራቀ ሲሄድ ግን በግልጽ ተቃወመው። ባለሥልጣን የሚወደው ተስፋን እንጂ እውነትን ስላልነበረ፣ በ1938 ላይሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ኦገስት 6 ቀን 1940 ቫቪሎቭ በምዕራብ ዩክሬን ዕፅዋት እየሰበሰበ ሳለ የጸጥታ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። በቦርሳው ውስጥ የቀረው የዚያን ቀን የለቀመው ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ዘለላ ነበር። ክሱ ስለላና የአገሪቱን ግብርና ማበላሸት የሚል ነው። ለወራት ከተመረመረ በኋላ በጁላይ 1941 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። የታሰረው ወጣት ፕሮፌሰር በነበረባት በሳራቶቭ ነው። ባለቤቱ የሌና ባሩሊና የምስር ዝርያዎች ተመራማሪ ነበረች። እሷም በጦርነቱ ምክንያት ተሰድዳ እዚያው ሳራቶቭ ትኖር ነበር፤ ባሏ በአንድ ከተማ ውስጥ እንደታሰረ ግን የነገራት የለም፤ ስንቅ ስትልክ የነበረው ወደ ሞስኮ ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 ቫቪሎቭ በእስር ቤቱ ውስጥ ሰውነቱ በረሀብ አልቆ ሞተ። ከሌሎች እስረኞች ጋር በጅምላ ተቀበረ። 55 ዓመቱ ነበር። በ1955 ከሞተ በኋላ ከክሱ ነጻ ተባለ።

ዘሩን ያልበሉ ሰዎች

እሱ እስር ቤት ሳለ የሰበሰበው ዘር ሌላ ፈተና ላይ ወደቀ። ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ጃንዋሪ 1944 የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከበባት። ከበባው 872 ቀን ቆየ። በመጀመሪያው ክረምት ለአብዛኛው ሰው በቀን የሚታደለው ዳቦ 125 ግራም ብቻ ነበር፤ እሱም ንጹሕ ዱቄት አልነበረም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በረሀብ አለቀ።

በዚህ ሁሉ መሀል በኢንስቲትዩቱ ሕንፃ ውስጥ ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ አተር፣ ኦቾሎኒ በቶን የሚቆጠር ተቀምጧል። ሠራተኞቹ ከአይጥ፣ ከብርድና ከሌባ እየተጠበቁ፣ እየተራቡ ጠበቁት። የድንቹ ክፍል ሰዎች ከከተማው ውጭ ካለው የፓቭሎቭስክ እርሻ ድንቹን በመድፍ ጥይት መሀል አውጥተው አመጡ፤ እንዳይበርደውም እሳት እያነደዱ አሳደሩት። የኦቾሎኒው ተመራማሪ አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ ሞተ። የሩዙ ኃላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በከረጢት ሩዝ ተከቦ በረሀብ ሞተ። የአጃው ክፍል ሊዲያ ሮዲናም እንዲሁ። ሌሎችም ነበሩ። ዘሩን አልበሉትም።

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዳንዶቹ ይህማ ሞኝነት ነው አሉኝ። ሰው እየሞተ ለዘር ምን ያስጨንቃል? ጥያቄው ከባድ ነው፤ እኔም ማንም ሰው ለዘር ሲል ይሙት አልልም። ነገር ግን የአገራችን ገበሬ ጥያቄውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በክፉ ቀን መጨረሻ የሚነካው ለዘር የተቀመጠው ነው፤ እሱ ከተበላ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራ የለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ይህ ደርሷል፤ ብዙ ቤተሰብ ዘሩን በልቷል፣ ወይም ሽጦታል። በጊዜው በ1976 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ሰዎች በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት ዘሩ ጨርሶ ሳይጠፋ ከገበሬው ለማሰባሰብ ተሯሯጡ። ዶክተር መላኩ በሥራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

መደምደሚያ

ከቫቪሎቭ ሕይወት ሦስት ነገር እወስዳለሁ።

አንደኛው፣ ጂን ባንክ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ባለበት ይቆማል፤ በሽታውና አየሩ ግን አይቆሙም። ማሳ ላይ ያለ ዘር ከእነሱ ጋር በየዓመቱ እየታገለ ይለወጣል። ባንክም ቢሆን ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ያ በጦርነት ያልጠፋው የፓቭሎቭስክ እርሻ በ2010 ለቤት መሥሪያ ሊሸጥ ተቃርቦ ነበር፤ የተረፈው ከብዙ አገር ሳይንቲስቶች በተነሳ ጩኸት ነው። ዶክተር መላኩና ባልደረቦቻቸው በምሥራቅ ሸዋና በሌሎችም ቦታዎች ገበሬው ራሱ የሚያስተዳድረው የዘር ባንክ እንዲኖር የደከሙት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ነባር ዘር ማለት ኋላ ቀር ዘር ማለት አይደለም። ከጂን ባንክ የወጡ ነባር የዱረም ስንዴ ዘሮች በአማራና በትግራይ ከገበሬዎች ጋር ሲገመገሙ አንዳንዶቹ ከተሻሻሉት ዝርያዎች በልጠው ተገኝተዋል። ምርጥ ዘርም ቢሆን ጥሬ ዕቃው እነዚህ ናቸው። ጥሬ ዕቃውን አጥፍቶ ፋብሪካውን ማስፋፋት አይቻልም።

ሦስተኛውና ዋናው የክፍያ ጉዳይ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2019 እንዳስታወቀው ለምግብ ከሚዘሩት 6 ሺህ ያህል የዕፅዋት ዓይነቶች ውስጥ ዘጠኙ ብቻ 66 በመቶውን የዓለም የሰብል ምርት ይሰጣሉ። የቀረውን ይዞ ያለው በአብዛኛው ድሃ ገበሬ ነው። እሱ በሁለት ጥማድ መሬት ላይ ለዓለም ሁሉ የመድን ዋስትና ይዞ ይኖራል፤ የመድኑን አረቦን ግን ከራሱ ምርት ላይ ቀንሶ ብቻውን ይከፍላል። ኢትዮጵያ በ2006 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482 አውጥታለች፤ ገበሬውም ከጥቅሙ እንዲካፈል ይላል። አዋጁ ግን አያቴ ጎተራ አልደረሰም። ነባሩን ዘር ለሚዘራ ገበሬ የተሻለ የገበያ ዋጋ፣ የዘር አውደ ርዕይ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ቅናሽ፣ የሆነ ነገር ካልተሰጠው በስተቀር ለእኛ ሲል ይክሰር ማለት ፍርድ አይደለም። ኪሳራው የጋራ ከሆነ ክፍያውም የጋራ ይሁን።

የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች በየዓመቱ ለተግባር ልምምድ በየወረዳው እንበተናለን። ስንት ኩንታል በሄክታር እንደተገኘ ጠይቀን እንመዘግባለን፤ ጥሩ ነው። ከዚሁ ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንድንጨምር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በቀበሌው ውስጥ ከአሥር ዓመት በፊት ይዘሩ የነበሩ የሰብል ዓይነቶች ስምና ዛሬ በማን ጎተራ እንደሚገኙ። ብዙ ወጪ የለውም። ቫቪሎቭም አገራችን ሲመጣ የያዘው በቅሎ፣ የወረቀት ከረጢትና ይህንኑ ጥያቄ ነበር።